ስም ያልተጻፈበት ወረቀትና ዶ/ር ገዛኸኝ

ከሁሉ አስቀድሞ ለቀብሩ ታዳሚ በሙሉ በጥልቅ አክብሮት የምንገልጸው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሲፈለግ የነበረው የዶ/ር ገዛኸኝ ሙላቱ ቀይ እስክሪብቶ በኮታቸው የውስጥ ኪስ መገኘቱን ነው። ክዳኑ ገና አልተገኘም።

ዶ/ር ገዛኸኝ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቱ ይመርና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ካሣ በ1951 ዓ.ም. መርሳ ተወለዱ። በመርሳና በወልድያ ተምረው በሰብል ሳይንስ እስከ ዶክትሬት ደረሱ። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማሚቴ ጋር ትዳር መሥርተው ሊያን ወለዱ። ዕድሜያቸውን ለማሽላ ሰጡ፤ የተረፋቸውን ጊዜ ደግሞ ለአንድ የምርምር መጽሔት የሚላኩ ጽሑፎችን ያለ ክፍያ ሲገመግሙ ጨረሱት።

አገማገማቸው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳይዙ ዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ቀጥለው “ሰውዬው ይህን አየው ወይስ ተመኘው?” እያሉ ሰንጠረዡን ከጽሑፉ ጋር ያመሳክራሉ። የሚቆጡት ዓረፍተ ነገሩን እንጂ ጸሐፊውን አይደለም። ጸሐፊውንማ አያውቁትም፤ ጽሑፉ ስሙ ተነሥቶለት ነው የሚመጣው። ስሙ የሚወጣው ሲታተም ብቻ ነው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሚኖሩባት ወልድያ ስትያዝ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የማሽላ ጽሑፍ ነበር። “ከአብዱልጀሊል ጉድጓድ በታች ያለው ማሳ” የሚለው ላይ ሲደርሱ ንባባቸውን ገታ አደረጉ። በሀብሩ ወረዳ ያንን ማሳ እንዲህ ብለው የሚጠሩት የመርሳው ባልንጀራቸው አቶ ናስር ብቻ ናቸው። ጸሐፊውን ያወቀ ገምጋሚ ጽሑፉን ሳይገመግም መመለስ አለበት። መብራቱም ኔትወርኩም ጠፍቶ በምን ይመልሱት?

ባጃጅ ከማይሰማባቸው ቀናት በአንዱ የታጠቁ ሰዎች ቤቱን ሲፈትሹ ጽሑፉን አገኙት። የማሳ ካርታ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ሁሉም በቀይ የተከበበ።

“ማን ጻፈው?”

“አልተነገረኝም።”

“ታዲያ ለማን ነው የሚያርሙት?”

“ላልተነገረኝ ሰው።”

“አባት፣ እየቀለዱ ነው?”

“ደንቡ ነው።”

አንደኛው ሳቀ። ሌላኛው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና “ጫማዎን ያድርጉ” አለ።

አንድ ስም ቢያወጡ ማምሻውን ቤታቸው ይገቡ ነበር፤ መኪናው ግን ወደ መርሳ ይወርዳል። አላወጡም። ታኅሣሥ ላይ ሲለቀቁ ኩላሊታቸው እንደ ነበረ አልተመለሰም። ያ ወረቀት ዛሬም በማን ኪስ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ኔትወርክ እንደ ተመለሰ፣ በቆቦ በኩል ተኩስ ገና እየተወራ፣ ጽሑፉን እንደገና አስላኩ። ሳይገመግሙ ቢመልሱት ሌላ ገምጋሚ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ፍርዳቸውን ላኩ፦ ለኅትመት አይበቃም።

ሕመሙ ጸንቶባቸው ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ማሚቴና ልጃቸው ሊያ ከኋላቸው ቀርተዋል። የሁሉን ስም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ያለ ማሻሻያ ይቀበልልን።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ አቶ ናስር ከመርሳ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። “ገዛኸኝ፣ ወላሂ ሌላ አልጠይቅህም” አሉ። “ስሜን ላለማውጣት ኩላሊትህን ሰጠህ። ከዚያ መልሰህ ጽሑፌን ጣልከው። ማሽላዬ ምን አደረገህ?”

ዶ/ር ገዛኸኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“አላብራራም” አሉ።