አኮርዲዮንህን ከመድረክ ያወረድኩ ዕለት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጎባ እንደተውካት ናት፤ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም። ቤታችን ግን ትንሽ ተለውጧል። እማዬ ሳሎኑን አረንጓዴ አስቀባችው፤ ወንበርህንም ወደ መስኮቱ አዞረችው። እኔ በጋዜጠኝነት ተመርቄ መጥቻለሁ። ጋውኔን እንደለበስኩ ፎቶህ አጠገብ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ሥራ ግን እስካሁን የለም። ማመልከቻ ይዤ ሮቤ እመላለሳለሁ፤ ታውቀኝ የለ፣ መቀመጥ አልችልም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ንዴት ብቻም አይደለም፣ ቀፎኛል።

አብረን የምናየው የእሁድ ፕሮግራም ትዝ ይልሃል? እንግዳ ጋብዘው የሚያወሩበት፣ በመሃል ባንዱ የሚጫወትበት። አንተ «ዘለላት! ኖታዋን ዘለላት!» እያልክ ስትጮህ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር «እንስማበት በናትህ» የሚሉህ።

ባለፈው ወር ከዚያ ፕሮግራም ተደወለልኝ። እንግዳው ተማሪህ ደምሴ ነው አሉኝ። ያ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣ አኮርዲዮን ያስተማርከው፣ እማዬ ሳታበላው የማትሸኘው ደምሴ አሁን ስመ ጥር ዘፋኝ ነው። የተማረበትን አኮርዲዮን ይዘሽ ነይ አሉኝ። ስምህን ጠርቶ ሊያመሰግንህ መስሎኝ በደስታ ዘለልኩ። አዘጋጇ ደግሞ ሥራ ፈላጊ መሆኔን ስነግራት «ስለ ሥራሽም እንነጋገራለን» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢል እምቢ አልኩት። እስከ አዲስ አበባ ጭኔ ላይ ነበር። አንተ መሬት አታስነካውም ነበራ።

ስቱዲዮው ውስጥ አኮርዲዮኑን ተቀብለውኝ ከተመልካቹ መሃል አስቀመጡኝ። ካሜራ የማያሳየው አንድ ሰውዬ እጁን ሲያነሳ እናጨበጭባለን፤ ሲያወርድ ዝም። አንተ ቤትህ ተቀምጠህ አብረሃቸው ያጨበጨብከው ሁሉ በትዕዛዝ ነበር፣ አባዬ። ደምሴ አኮርዲዮንህን አንግቦ ወጣ። ማንገቻው ሲበጠስ በዳማው ፈረስህ ልጓም ጠፍር የተካኸው፣ እማዬ በቀይ ክር የሰፋችው፣ ትከሻው ላይ ይታያል። ጠያቂዋ «ማን አስተማረህ?» አለችው።

«ማንም! ጎባ ውስጥ ማን አለ ብለሽ ነው? ይቺንም ከአሮጌ ዕቃ መሃል አገኘኋት፤ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት» አለና ሳቀ።

ሰውየው እጁን አነሳ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ አባዬ። እጄ ቀደመኝ። በሳሙና ባጥበው ባጥበው የማይለቅ ነገር የነካው ይመስለኛል።

ከዚያ ለእማዬ የሠራህላትን ዜማ ጀመረ። አሳምሮ ይጫወታል፣ አልዋሽህም፤ አጨዋወቱ ቁርጥ ያንተ ነው። ይበልጥ የቀፈፈኝም እሱ ነው።

ለዕረፍት ሲቆሙ መድረኩ ላይ ወጣሁ። «ደምሴ፣ አወቅከኝ?» አልኩት። በፓውደር በተለሰነ ፊቱ ፈገግ አለ። «ውይ እህቴ፣ ይሄ እኮ ሾው ነው፤ አትቀየሚ።» ማንገቻውን ከትከሻው አውርጄ አኮርዲዮንህን ወሰድኩ። አዘጋጇ እየሮጠች መጥታ «ሥራሽን አታበላሺ እንጂ!» አለችኝ። «የትኛውን ሥራ?» አልኳት። ፈልጌው ነበር እኮ።

እሁድ ሲተላለፍ ከእማዬና ከሐጂ ጋር አየነው። «ማንም!» ሲል ሐጂ ብድግ አሉ። «አስተግፊሩላህ! ይሄ ልጅ እዚህ ቤት ስንት ቀን በልቶ ሄዷል!» እማዬ ቀዩን ክር ብቻ ታያለች። ከማስታወቂያው በኋላ ደምሴ ባዶ እጁን ቆሞ ዘፈነ፤ አኮርዲዮኑስ የት ሄደ ያለ የለም። ያኔ ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «ጎበዝ፣ ኢንታለ ኮ! ልጄ!» ብለው ሳቁ። እማዬም ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

አኮርዲዮንህ አሁን ወንበርህ ላይ ነው። ከሮቤ ስመለስ፣ በልጅነቴ ጣቴን ይዘህ ያሳየኸኝን እያስታወስኩ እሞክራለሁ። የእማዬን ዜማ ገና ከመጀመሪያዋ መስመር አላሳለፍኳትም፤ ሰፈሩ ተማሯል። ግን ቃል እገባልሃለሁ፦ ማን አስተማረሽ ያለኝ ሁሉ ስምህን ከነአባትህ ይሰማል።

ትናንት ሐጂ በር ላይ ቆመው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ እያወቁ፣ «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«መምህር አስፋው ደበሌ፣ የጎባው» አልኳቸው። ጮክ ብዬ።

ልጅህ ሰናይት