ሁለት ሆነው ሊቆርቡ

ጥቅምት 5

ወረዳው ቢሮ መብራት አልነበረም። ከባልደረቦቼ ጋር ሳወራ ውዬ ቤት ገባሁ። እምዬ በር ላይ ተቀምጣ ግራ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች።

"ጥርስሽ ነው?"

"አይ፣ ጭንቅላቴ ከብዶኝ ደገፍሁት።"

አባባ ከውስጥ ሳቁ። "ተያት ወይንእሸት፣ ሙሽራዬ ዓይን አፋር ሆናለች።"

ሙሽራዬ... በሰማንያ ተጋብተው፣ እኛን ወልደው አሳድገው፣ አሁን በስተርጅና ሊቆርቡ ነው። እሑድ ጥቅምት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት። ባልና ሚስት ናቸውና አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም። አባባ ልባቸው ከታመመ ወዲህ ወሬያቸው ይኸው ነው። ይደርሱ ይሆን?

ይህን ለምን ጻፍሁ?

ጥቅምት 7

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ሞጣ ሆስፒታል ጻፉልን። ጥርሱን አክሞ ማትረፍ በግል ክሊኒክ ነው። ደወልሁ። የነገሩኝ ዋጋ ከደመወዜ ይበልጣል። በጤና መድን ግን መንቀል በነጻ፣ ያውም ዓርብ ዓርብ ብቻ።

"ይነቀላ!" አለች እምዬ። "ለመቃብር ይዤው ልሄድ ነው እንዴ?"

ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ነው ብለዋል። አልነገርኋትም።

ጥቅምት 11

ማስታገሻው አለቀ። ጉንጯ አብጧል፣ ትኩሳት አላት። የሞጣ መንገድ ተዘግቷል። ዓርብ ይከፈታል ይላሉ... የሚለው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጥቅምት 14

ተከፈተ። በሚኒባስ ሞጣ ደረስን። ወረፋ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። እሑድ ቁርባን እንዳለ ነገርኋት።

"ለሚቀጥለው ሳምንት ብናደርገውስ?"

የሚቀጥለው ሳምንት መንገድ አለ? እምዬን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። "ዛሬ ይሁን" አልሁ።

"ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"አትወስድም።" ፈጥኜ መለስሁ። እሷን እንኳ ሳልጠይቅ።

"እንግዲያው ደሙ እስከ ነገ ይቆማል።"

ስንመለስ እምዬ ጥጥ ነክሳ በእጇ ምልክት ታወራለች። ሹፌሩ በመስተዋት አይቷት "እናቴ፣ ዛሬስ ሰው ሳያሙ ሊገቡ ነው" አላት። ሳቀች። ጥጡ ቀይ ነበር።

ጥቅምት 15

አልቆመም። ጥጥ ቀየርሁ... ደግሞ ቀየርሁ።

አባባ የሁለታቸውንም ነጠላ አሳጥበው ገመድ ላይ አሰጥተዋል። "ይቆማል" ይላሉ። ለማን እንደሚሉት አላውቅም።

ጥቅምት 16

ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። የንስሐ አባታችን ቄስ ስጦታው፣ እምዬ አፏ ላይ የያዘችውን ነጠላ አዩ። አንገታቸውን ደፉ።

"ደም እያለ አይሆንም ይርጋነሽ። ለኅዳር ጽዮን እናደርገዋለን።"

እምዬ ወደ አባባ ዞረች። "በእኔ ምክንያት..."

"ዝም በይ፣ ጥጡ ይወድቅብሻል" አሉ አባባ። "እስካሁንስ ጠብቄ የለ?"

እሷ በሴቶች በኩል፣ እሳቸው በወንዶች በኩል ቆመው አስቀደሱ።

እቤት ስንገባ ጠየቅኋት። "ከማስታገሻው ሌላ የዋጥሽው አለ?"

"የአባትሽን ነጭ ኪኒን። ጠዋት ጠዋት ይሰጠኝ ነበር። ሕመሙን ደህና አድርጎ ያበርደዋል።"

አስፕሪን። ደማቸው እንዳይረጋ፣ ለልባቸው የታዘዘ። የእሷ ደም እንዳይቆም ያደረገው እሱ ነው። አባባን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

"እርስዎስ ምን ይውጡ ነበር?"

"እኔን ምን ያመኛል? የምታቃስተው እሷ።"

የራሳቸውን ነበር የሚሰጧት። ስንት ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ጥቅምት 18

ደሟ ቆመ። ለአባባ ኪኒን ገዛሁ። እፊቴ አስዋጥኋቸው። "እንደ ሕፃን..." እያሉ ዋጡ።

ጥቅምት 27

አባባ።

ጥቅምት 30

ድንኳኑ ተነሣ። በተኙበት ነው የሄዱት። ለቀስተኛው ሁሉ "ሳይሠቃዩ" ይላል። እውነት ነው።

ኪኒኑን ያልዋጡባቸው ቀናት... ሐኪም ብጠይቅ ይነግረኛል? "ምንም አይደል" ቢለኝ አምነዋለሁ? ያቺን ሐኪም ቸኩዬ ባልመልስላት፣ እምዬን ዞር ብዬ ብጠይቃት፣ የዚያኑ ቀን እሰማ ነበር። ቁርባኑም...

አልጠይቅም።

ኅዳር 21

ጽዮን። እምዬ ቆረበች። ባሏ ሞቶባታልና ብቻዋን ትችላለች አሉ ቄስ ስጦታው። አፏን ስትከፍት አየኋት። ንጹሕ ነው። ድድዋ ገጥሟል። ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ትታ ነበር የቆመችው፤ ሌላ ሴትዮ መጥታ ገባችበት።

ከሰዓት በኋላ መደብ ላይ ጋደም ብላ ጠራችኝ።

"ወይንእሸት፣ ያ ነጭ ኪኒን ለእሱ የምን ነበር?"

"የጉልበት" አልሁ። "ጉልበታቸውን ያማቸው አልነበር?"

"እኔማ የልቡ እንዳይሆን ብዬ..."

"የጉልበት ነው።"

"ለጉልበት ከሆነስ ደህና" አለች።

ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። በግራ ጎኗ ነው የተኛችው፣ በታመመው።