ፎቶ ማንሳት እና ጆንያ ማንሳት

ለተከበሩ አቶ ታደሰ
የሥራ ዘርፍ መለያ ዴስክ ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ፤ ጤናዎ፣ ወገብዎና የቢሮዎ ማራገቢያ እንደምን ናቸው? የሰኔው ሙቀት እጁን ከእርስዎ ላይ እንዲያነሳ ከልብ እመኛለሁ። ማንሳት የሚለውን ቃል ገና በሰላምታው ማስገባቴን በክፉ አይዩብኝ፤ ብዕር ያስያዘኝ እሱው ራሱ ነው።

እኔ ፋዲላ በድሩ እባላለሁ። በኮሙኒኬሽን ተመርቄ፣ ደብረ ብርሃን አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት የሰርግና የጉርድ ፎቶ ስሠራ ቆይቼ፣ የራሴን ቤት ልከፍት ወደ ከተማዬ የተመለስኩ ነኝ። ለምሩቃን ከተሠሩት ሼዶች አንዱ በዕጣ ደርሶኛል። ቁልፉን የምረከበው ግን በእርስዎ ፊርማ የወጣ የዘርፍ ማረጋገጫ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካቀረብኩ ነው፤ አለዚያ ሼዱ ለተጠባባቂ ያልፋል። አንድ ቀን ከተገናኘን ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሼ አራት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል ቅሬታዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በማመልከቻዬ ላይ «ፎቶ አንሺ» ብዬ ጽፌ ነበር። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ «ፎቶ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀርታ «አንሺ» ብቻዋን ደረሰች፤ እርስዎም በሙሉ ቅንነት መናኸሪያው ካለው የጫኝና አውራጅ ማኅበር ጋር መደቡኝ። ስለሰጡኝ ግምት አመሰግናለሁ፤ ክብደቴ አርባ ስምንት ኪሎ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ሐሚድ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ ክንዴን አዩ፣ ከዚያም «ልጄ፣ አንቺንማ እኛ ነን የምናነሳሽ» አሉኝ። ሻይ አዘውልኝ ከጀውሃ የመጣ ሽንኩርት እስኪራገፍ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስህተቱ የጽሕፈት መሆኑን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተረድተውታል።

፪. ይኸው ይታረምልኝ ብዬ በቀረብኩ ጊዜ ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ «ያው ማንሳት ማንሳት ነው። ፎቶማ ስልክ ያለው ሁሉ ያነሳል፤ ጆንያ ግን ሁሉም አያነሳም» አሉኝ። የጆንያውን አልከራከርም። የጋሼ ሐሚድ ሰዎች ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያጥፉ፣ ሸክሙ በየትኛው ትከሻ እንደሚያርፍ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚያዝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሙያ ነው። የሚገርመኝ፣ ለሽንኩርት ይህን ያህል ጥንቃቄ ሲደረግ ለሙሽራ ፊት አለመታሰቡ ነው።

፫. እዚህ ላይ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ የልጅዎን የቅድስትን ሰርግ ላነሳ ነው (አሁንም ማንሳት)። ቅድስት አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናትና ሰርጓን እንዳነሳላት ለምናኝ ነበር፤ እርስዎ ግን የወንድምዎ ልጅ ሚኪያስ አዲስ ስልክ መግዛቱን ጠቅሰው ነገሩን በአጭሩ ቋጩት። እኔም በእንግድነት መጥቼ ለሙስሊሞች ለብቻ በተሰናዳው ድግስ ጠግቤ በላሁ፤ ስለ ምግቡ አንዳችም ቅሬታ የለኝም። በሚያዝያ፣ በስድስት ሰዓት፣ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ፣ ሚኪያስ ሙሽሮቹን ግቢው መሐል ሲያቆማቸው ግን እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ትልቅ የማንጎ ጥላ ነበር። ከሥሩ አቁመው ከፊት ለፊቷ አንድ ነጭ አንሶላ ቢወጥሩላት፣ ብርሃኑ ተመልሶ ፊቷ ላይ በለዘበ ነበር። በምትኩ ቬሎው በራ፣ ልጅቷ ጠፋች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሻ አየር ፍለጋ ጣርማ በር ተወጣና ሙሽሮቹ የመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ፣ ብርሃኑን በጀርባቸው አድርገው ቆሙ። ባለፈው ሳምንት ቅድስት ፎቶውን አሳይታኝ ነበር፤ ጥላ ለጥላ ቀለበት ሲያጠልቅ ይታያል። «ይሄ እኔ ነኝ?» ብላ በጣቷ ነካችው፤ እየሳቀች ነበር፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ሚኪያስን አልወቅሰውም። ጥሩ ልጅ ነው፣ ስልኩም ጥሩ ስልክ ነው። ችግሩ ስልኩ «አንቺ ወደዚህ ነይ፣ እርስዎ አባቷ ጠጋ ይበሉ፣ አሁን ይተንፍሱ» ብሎ የማይናገር መሆኑ ነው። ሰርግ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ጭነት በነጋታው ሌላ አይመጣለትም።

፬. አራተኛው የእርስዎን ዴስክ ላያሳስብ ይችላል። በእኛ በኩል ሙሽሪት ከሴቶች መሐል ፀጉሯን ገልጣ ስትጫወት የምትነሳው ፎቶ የወንድ ዓይን አያየውም። ይህን አማና፣ ይህን አደራ ተቀብላ የምትይዝ ሴት ፎቶ አንሺ አጥተው፣ ፎቶ የሚባል ሳይኖራቸው የተዳሩ ሴቶች በየቤቱ አሉ። ሁለት ቤተሰቦች ለሐምሌ ቀጥረውኛል። የፎቶ ማተሚያዬ ግን እናቴ አልጋ ሥር የሼዱን ቁልፍ እየጠበቀ ነው።

የምለምንዎት ብዙ አይደለም፤ «አንሺ» ከምትለው ቃል ፊት «ፎቶ» የምትል ሁለት ፊደል እንዲጨምሩልኝ ብቻ ነው። ሰኔ ሠላሳ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ከፊት ለፊትዎ ለስላሳ ብርሃን፣ ከራስዎ በላይ ሰፊ ጥላ፣ ከስብሰባዎ መካከልም አንዲት የፊርማ ደቂቃ እንዲገጥምዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር እመኛለሁ።

ፋዲላ በድሩ
በመዝገብዎ አንሺ፣ በሙያዋ ፎቶ አንሺ

ግልባጭ፦
ለጫኝና አውራጅ ማኅበር ሊቀ መንበር ለጋሼ ሐሚድ (ስለ ሻዩ ከምስጋና ጋር)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስል ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎ እትዬ ብርቱካን የሰርጉን አልበም በነጠላ ጠቅልለው እቤታችን መጡ። የቅድስት ፊት ከዚያ ውስጥ ይወጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያልተያዘ ፊት ተፈልጎ አይገኝም፣ ቬሎ ተከራይተን ከማንጎው ሥር እንደገና ማንሳት ግን እንችላለን አልኳቸው። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። ወረቀቴን የያዙት ሰው ስብሰባ ላይ ናቸው አልኳቸው። «ማነው እሱ?» አሉኝ፤ ስምዎን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አልበሙን እኔው ዘንድ ትተው ሄዱ። ዛሬ ምሽት እቤትዎ ሌላ ስብሰባ ሳይኖርብዎ አይቀርም።