በእንግዳ ድርቅ የተገዛው ካበርኔ

ሰኞ

በታላቅ ሐዘን ይነገራል፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በሆቴላችን ምግብ ቤት አንድ ሶፍት ለአራት ተቆርጦ ይቀርባል። ውሳኔው የባለቤቱ የአቶ ፈንታው ነው። አስፈጻሚው እኔ ነኝ፤ የምግብ ቤቱ ኃላፊ፣ ዕቃ ገዢው፣ እንግዳ ሲመጣም ኮት ለባሹ። መቀስ አጥተን በቢላ ቆረጥነው። ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም። ታሪክ ይፍረደን።

ምክንያቱ ይታወቃል። ፈረንጅ አገር ባንክ ወደቀ አሉ። እኛ ላስታ ተቀምጠን፣ ባንክ ሲወድቅ ፍንጣሪው እዚህ ድረስ የማይደርስ መስሎን ነበር። ይኸው ጥቅምት ገብቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ክፍሎቻችን ባዶ ናቸው። አስጎብኚዎቹ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጠው ታሪኩን እርስ በርስ ይተራረካሉ። ጉርሻ ግን አይሰጣጡም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ፈንታው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ቅዳሜ ወይዘሮ ሶስና የሚባሉ፣ ከአዲስ አበባ ቱሪስት የሚልኩ ሴት መጥተው ያድራሉ። ከወደዱን እንግዳ ይልካሉ። ካልወደዱን፣ “እስከ ገና በሩን እዘጋለሁ፤ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ” አሉ አቶ ፈንታው። ሴትየዋ በስልክ የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥሩ ቀይ ወይን አላችሁ ወይ? ዘንድሮ አገር የሚዞረው ወይን የሚያውቅ ሀብታም ብቻ ነው አሉ።

ስለዚህ እኛ፣ ሶፍት ቆራጮቹ፣ የከበረ ወይን ልንገዛ ነው።

ከስብሰባው ስንወጣ እትዬ ባዩሽ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። የመጠጥ ቤቱን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ጠላውንም ጠጁንም የሚጠምቁት እሳቸው። “ሞላ፣ ከዘጉ እኮ ልጄ የወልድያ ትምህርቷን ጥላ መምጣቷ ነው” አሉኝ።

“አይዘጉም” አልኳቸው። በምን ሥልጣን እንዳልኩ አላውቅም።

ማክሰኞ

ወይን ነጋዴው ደረሰ። ናሆም ይባላል። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች መግዛት ቢያቆሙበት ካርቶኑን አቅፎ በሚኒባስ ጋሸና ድረስ፣ ከጋሸና በጭነት መኪና መጣ። ጫማው አቧራ ለብሷል። ክራባቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። “ካበርኔ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ቀይ ወይን። ደጉ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ላሊበላ ድረስ ይዤ አልመጣም ነበር” አለ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልተጣራም።

ቀማሽ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አቶ ፈንታው፣ እትዬ ባዩሽ፣ እኔ። ናሆም አንድ ጠርሙስ ከፍቶ አስተማረን። መጀመሪያ በዓይን ይታያል። ከዚያ ብርጭቆው ይሽከረከራል። ከዚያ ይሸተታል። ከዚያ አፍ ውስጥ ይንገላታል። ከዚያ ይተፋል። እዚህ ላይ ኮሚቴው ተናወጠ።

“ማነው የሚተፋው?” አሉ አቶ ፈንታው።

“ሁላችንም። ቀማሽ ከዋጠ ይሰክራላ።”

“ሰው ተሸክሞ ያመጣውን መጠጥ ፊቱ ልትፋበት? አባቴ ከመቃብር ይነሳብኛል።” ዋጡ። እኔም ዋጥኩ። ናሆም ብቻውን ተፋ፤ አፈረ መሰለኝ፣ ሁለተኛውን እሱም ዋጠ።

እትዬ ባዩሽ ብርጭቆውን አልነኩም። እንደ ጠላው መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ቆዩ። “አፍ ያስራል። ጌሾ በዝቶበታል።”

“ጌሾ የለበትም እናቴ፤ የፍሬው ልጣጭ ነው። የበሰለ እንጆሪ፣ ቆዳ፣ ትንሽ ትምባሆ አይሸትዎትም?”

“ቆዳ?” አሉ አቶ ፈንታው። “ቆዳ ማሽተት ካማረኝ በገበያ ቀን ፍላቂት እሄዳለሁ። በነጻ ነው።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ለመናገር የሸተተኝ የናሆም የፀጉር ቅባት ነው። “ቆዳው አለ፤ ትምባሆው ግን ትንሽ ይቀረዋል” አልኩ። ናሆም በአድናቆት አየኝ።

ካርቶኑ ተገዛ። ማንም አልወደደውም፤ ማንም አልተቃወመም። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ናሆም ሲሄድ ቡሽ መንቀያውን መረቀልን። “በቀዝቃዛ ጨለማ አስተኟቸው። ደግሞ ጠርሙሱ የሚከፈተው እንግዳው ፊት ነው፤ ያልተነካ መሆኑን በዓይኑ ማየት አለበት” አለኝ። ለእኔ ነው ያለኝ። እትዬ ባዩሽ ጠላቸውን ሊያዩ ወጥተው ነበር።

ረቡዕ

ጾም። ግምገማም።

አቶ ፈንታው አንድ ሰሞን የቀበሌ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ያመጡት ነገር ቢኖር ግምገማ ነው። ከአስተናጋጆቹ ጋር ተገመገምኩ። የተገኙብኝ ድክመቶች፦ ኮቴ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ለእንግዳ ፈገግ ስል ጥርሱን የታመመ ሰው እመስላለሁ። ቆዳውን አሽትቼ ትምባሆውን በበቂ ሁኔታ አላሸተትኩም። ሂሱን ዋጥኩ። ከካበርኔው ይሻላል፤ አፍ አያስርም።

ወይኑን እንደ አራስ አስተኝተነዋል። ከኋላ ያለችው የድንጋይ ቤት፣ ከጠላው ጋኖች አጠገብ። እትዬ ባዩሽ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። ልቤ ረጋ።

ሐሙስ

ልቤ መርጋት አልነበረበትም።

ጠዋት የወይኑን አቧራ ልጠርግ ገባሁ። ከአሸተን ተራራ የወረደው ብርድ ያንቀጠቅጣል። ጠርሙሶቹ ከተኙበት ተነሥተው እንደ ሚሊሻ ተሰልፈው ቆመዋል። ቡሾቻቸው ብቅ ብቅ ብለዋል። እትዬ ባዩሽ ቡሽ መንቀያውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

“ጨረስኩ። ሁሉም ደኅና ናቸው” አሉኝ።

“ምኑን ነው የጨረሱት?”

“ቀመስኳቸው።”

“ስንቱን?”

“አንዱን ቀምሰው ስንቱን ሊያውቁት? አንዱ ጋን ስለ ሌላው ጋን አይመሰክርም። ቅዳሜ የእንጀራችን ቀን ነች። ያልቀመስኩትን ለሴትዮዋ አልሰጥም።”

ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ክዳኑ አልተገጠመም ነበር፤ ረጠብኩ።

ምን ልበላቸው? በእኛ ወግ ቀጂ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይቀዳም። በፈረንጁ ወግ ደግሞ የተነካ ጠርሙስ ለእንግዳ አይቀርብም። ነገሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም “መርዝ የለበትም፣ እመነኝ” ማለት ነው። እኛ በመቅመስ፣ እነሱ ባለመንካት። እነዚህ ሁለት ወጎች ተገናኝተው የተጣሉት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ሳይሆን በእኛ ጠላ ቤት ውስጥ ነው።

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለናሆም ደወልኩ።

“ሁሉንም?” አለ።

“ሁሉንም።”

“ቡሹን አጥብቃችሁ መልሱት። ብርድ ላይ አቆዩት። እስከ ቅዳሜ ይችል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ አቼቶ ነው፣ ሰላጣ ላይ አፍሱት።” ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “ቆይ፣ እሳቸው ምን አሉ? ወደዱት?” አለ።

ስመለስ እትዬ ባዩሽ ፊቴን አይተው “አጠፋሁ እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ፣ ብርዱ ነው” አልኩ።

ዓርብ

አቶ ፈንታው ዛሬ እያፏጩ ዋሉ። ለቅዳሜ ሙሉ ሶፍት ፈቀዱ። ሊነገራቸው የሚችል ፊት አልነበራቸውም።

እኔ መስታወት ፊት ቆሜ የተከፈተ ጠርሙስ መክፈት ተለማመድኩ። ግንባር መቋጠሩ ይሆንልኛል። ክንድ ማንቀጥቀጡም። የቸገረኝ ቡሹ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ በአፌ ላሰማው ብዬ ሞከርኩ። ሚስቴ ከጓዳ “ምን ነካው ይሄ ሰውዬ” አለች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ባዩሽ ከአስተናጋጆቹ ወሬውን ሰሙ። ሲመጡ ነጠላቸው መሬት ይጎትታል።

“ጠርሙሱ እንግዳ ፊት እንደሚከፈት ለምን አልነገርከኝም?”

“ረሳሁት።” እውነት ነው። ቆዳውን ሳሽትት ረሳሁት።

“እንግዲያው ለአያ ፈንታው ሄጄ ልንገራቸው።”

“ከነገሯቸው ዛሬውኑ ይዘጋሉ። ነገ ይለፍ።”

“ሴትዮዋ ከጠየቀችኝ እኔ አልዋሽም፣ ሞላ።”

“ማን ዋሹ አለዎት? የምዋሸው እኔ ነኝ። እርስዎ ዝም ይበሉልኝ።”

ዝም አሉ። ዝምታቸው ከእሺታ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ሶስና ቀትር ላይ ከአውሮፕላን ወረዱ። ትንሽ ሴት፣ ትልቅ መነጽር። አልጋውን ተጫኑት፣ ቧንቧውን ከፈቱት፣ መስኮቱን ዘጉት። እራት ላይ ተቀምጠው “እስቲ ወይናችሁን አምጡ” አሉ።

አመጣሁ። ጠርሙሱን አሳየሁ። መንቀያውን አዞርኩ። ግንባሬን ቋጠርኩ፣ ታገልኩ፣ ተነፈስኩ። ቡሹ ግን ያለ አንዳች ትግል፣ ከቅቤ ውስጥ እንደሚወጣ ማንኪያ ወጣ። ፊቴ ገና እየታገለ ነበር።

“ይሄ ተከፍቶ ነበር እንዴ?” አሉ።

“በፍጹም።”

“ሌላ አምጣልኝ።”

ሌላ አመጣሁ። ይኸኛውን ገና ስነካው ወጣ። አቶ ፈንታው ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገታቸውን አስግገዋል። “ሦስተኛ?” አሉ ወይዘሮ ሶስና፣ በጣም በጨዋነት። ሦስተኛውን አመጣሁ። እዚህ ላይ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድምፁን በአፌ አሰማሁ።



እትዬ ባዩሽ ከበሩ መጡ። “እመቤቴ፣ ልጁን አያድክሙት። ሁሉንም የከፈትኳቸው እኔ ነኝ። ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ወይን እንግዳ ፊት ይከፈታል የሚል ሕግ እንዳለ አልሰማሁም ነበር።” ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው፣ ሴትየዋ እያዩ ጠጡ። ከዚያ ቀዱላቸው።

አቶ ፈንታው ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ። ወንበሩ ግን ትንሽ ወዲያ ነበር።

ወይዘሮ ሶስና ጠጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። “እራቱ ይምጣ” ብቻ አሉ።

አሁን ሴትየዋ ተኝተዋል። እኔ አልተኛሁም። እትዬ ባዩሽ ከቤታቸው ዕቃ መጠቅለያ ማዳበሪያ አምጥተው ጋኖቹ አጠገብ አስቀምጠዋል።

እሑድ

ወይዘሮ ሶስና ከቅዳሴ መልስ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። አቶ ፈንታውን አጠገቤ አቁመው ተናገሩ። ኅዳር ላይ አንድ አነስተኛ ቡድን ይልካሉ። ብዙ አይደለም፤ ቃል የሚገቡትም ለእሱ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ይፈልጋሉ፤ ወይኑን እኚህ እናት እንደ ትናንቱ በመዳፋቸው ቀምሰው፣ እንግዳው ፊት ተከፍቶ፣ እሳቸው ይቅዱት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ግን፣ ሦስት ጠርሙስ ሙሉ? ያን ፊት ከየት ነው ያመጣኸው?”

“ተለማምጄ ነው” አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አቶ ፈንታው አልሳቁም።

መኪናው እንደሄደ “አልዘጋም” አሉ። ሁለት ቃል እንኳ አልሞላም። እትዬ ባዩሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው በእጃቸው ያዙት። ማዳበሪያውን አንሥተው ሄዱ። ለልጃቸው ሊደውሉ ጉብታው ላይ ሲወጡ አየኋቸው፤ በዚያ ዕድሜ ሮጠው ነው የወጡት።

ተረፍን። ሁላችንም እንቀጥላለን፤ ማንም አይቀነስም።

ሰኞ

ጠዋት የተረፈው ካበርኔ ለሠራተኛው በሻይ ብርጭቆ ተሰጠ። መኮምጠጥ ጀምሯል። አስተናጋጆቹ አሁን ነው የጣፈጠው አሉ።

ከዚያ ግምገማ። አቶ ፈንታው፣ አንድ ቡድን ሁሉንም ሰው አይመግብም፣ አንድ ሰው እስከ ገና ቢያርፍ አሉ። ማን እንደሆነ አልተናገሩም። ሁሉም መሬቱን አየ። እኔም አየሁ፤ መጠረግ ያስፈልገዋል።

እትዬ ባዩሽ ተነሡ። “የከፈትኩት እኔ ነኝ። እኔ ልሂድ።”

“እትዬ ባዩሽ አይነኩም፤ ልጅ ያስተምራሉ” አልኩ። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

“እንግዲህ ሞላ ራሱ ኃላፊነቱን ወስዷል” አሉ አቶ ፈንታው፣ እንደተገላገለ ሰው። “ሴትየዋም ያን ፊት ሁለተኛ ባያዩት ይሻላል።” ጭብጨባ ተጠየቀ። ተጨበጨበ። እትዬ ባዩሽ አላጨበጨቡም። ስወጣ ተከትለውኝ መጥተው “ወንድሜ” ብቻ አሉኝና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ።

ነገ ፍላቂት ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ። ገብሱ እየደረሰ ነው፤ ሰው ይፈልጋል። ሚስቴ ኮቱን አጥባ አሰጣችው።

እርማት። በእሑድ ዕለት ማስታወሻ “ማንም አይቀነስም” ተብሎ የሰፈረው “ከአንድ ሰው በስተቀር ማንም አይቀነስም” ተብሎ ይነበብ። ሰውየው የተሰናበተው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን ድርጅቱ ያስታውቃል። ሰውየውም ይህንኑ ፈቃዱን የሰማው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በስብሰባው ላይ ተገኝቶ መሆኑ ይታወቅለት።