ደረጃው ሥር የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ውድ እታለም፣

«ቁጭ ብለሽ አንብቢው» ልልሽ ነበር፤ «እኔ መቼ ቆሜ አውቃለሁ?» ብለሽ እንደምትስቂብኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። አሸነፍን! ዛሬ ረፋድ ላይ የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ የዊልቸር መወጣጫ እንዲኖረው ወሰነ። ፊደሌ ከተጣመመ ደስታው ነው።

ግን ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ። ያን ማኅበር ስናቋቁም ለአካል ጉዳተኞች መብት እንታገላለን ብለን ቢሮ የተከራየነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኛ ነን። ዓይነ ስውሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሊቀመንበራችን ደረጃውን በዱላው እየቆጠረ ስለሚወጣው ምንም አልመሰለው። እኔ ግን ዓይን ነበረኝ፣ እህትሽም ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ጎረምሶች እንደ ጆንያ ተሸክመው አወጡሽ። በሦስተኛው ስብሰባ «ከዚሁ እሰማችኋለሁ፣ ብቻ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት» ብለሽ ታች ቀረሽ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናወራ መስኮቱን እንኳ የከፈተ አልነበረም። እኔ ጸሐፊዋ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ ስምሽ አጠገብ «አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ቤት ውስጥ መዝገቡን ስትገልጪ አየሽው። መዝገቡን ዘግተሽ ወደ ስፌትሽ ተመለስሽ። ወር ሳይሞላ የስፌት መኪናሽን ጭነሽ አክስታችን ዘንድ ሄድሽ። ሰው ሁሉ ለሥራ የሄድሽ መሰለው። እኔ አውቅ ነበር፣ ግን አፍሬ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩሽም።

በኋላ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ባላይ አንቺም አታዪም እንዴ?» አለኝ። በዚያው ሳምንት ቢሮውን ለቀቅን። ከዚያ ወዲህ መወጣጫ ይሠራ እያልን ሐሙስ ሐሙስ የምንሰበሰበው የከተማው ምክር ቤት ደረጃ ሥር ሆነ። መጀመሪያ አምስት ብቻ ነበርን። ቀስ በቀስ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት መጣች፣ እግሯ በጄሶ የታሰረ ነርስ መጣች፣ ጉልበቱን የሚያመው ጡረተኛ ፖስተኛም ተጨመረ። «እኔ እኮ የእናንተ ብቻ ጉዳይ መስሎኝ ነበር» አለን ፖስተኛው። በአምስተኛው ወር አደባባዩ አልበቃን አለ!

አፈ ጉባኤዋ ከላይ ሆና «ውጡና አስረዱን» አለችን።

«የኔ እመቤት፣ መውጣት ብንችልማ መቼ እዚህ እንሰበሰብ ነበር?» አላት ሊቀመንበሩ።

ሰዉ ሳቁን ለቀቀው፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ጫማዋን እያንኳኳች ወረደች፣ ወንበር አስመጣች፣ መሀላችን ተቀምጣ አዳመጠችን። በሳምንቱ ሃያዎቹም የምክር ቤት አባላት ወረዱ። እታለም፣ ያን ቀን አንቺን በዓይኔ ስፈልግ ዋልኩ።

ዛሬ ከውሳኔው በኋላ እዚያው ደረጃው ሥር ጠቅላላ ጉባኤ አደረግን። የመጀመሪያውን አጀንዳ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ የድሮው ቃለ ጉባኤ ይታረም አልኩ። የሠራሁትን ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ፣ ምንም አልዋሸሁም። ከዚያ ያንኑ መስመር ሰርዤ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ተገኝታለች። ታች ነበረች። ያልወረድነው እኛ ነን።» ሁሉም ፈረሙበት። ያንቺ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

የምክር ቤቱ መወጣጫ ነገ ተጀምሮ በሚቀጥለው ወር ያልቃል፤ አንቺ ሳትወጪበት ማንም እንዳይረግጠው ተስማምተናል። ይቅር ካልሽኝ ነይና ፈርሚ። ይቅር ካላልሽኝም አትጨነቂ፤ አሁንስ መዝገቡን ይዤ እኔው አንቺ ወዳለሽበት እመጣለሁ።

ጸሐፊዋ እህትሽ