የገዛ ግቢያችን ዛፍ

መጋቢት 4፣ ካራካስ

ጭጋግ። የቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ተኝቷል፤ እኔም አብሬው ልተኛ ምንም አልቀረኝ።

የአክስቴ የኤርሜሊንዳ ደብዳቤ ከባሪናስ ደረሰ፤ ከግቢዋ ዛፍ ከለቀመችው አንድ ከረጢት የጦጣ ኮኮ ፍሬ ጋር። ፀጉሯ ረግፎ አለቀ! "እንዲህ ያደረገችኝ ጎረቤቴ ዶሚንጋ ናት። በአንድ አሳማ ከተጣላን ወዲህ ዓይኗ ከራሴ ላይ አልወርድ አለ። መንደሩ ለፋሲካ ሊያባርራት ተስማምቷል።" ዶሚንጋ ዘመድ የላትም አሉ። የት ትገባለች?

የጦጣ ኮኮ ፀጉር ያረግፋል ይባላል። ግን የሰው ዛፍ ሲሆን ነው... የገዛ ግቢ ዛፍ ባለቤቱን አይነካም ተብለን ነው ያደግነው። ይኼን ደግሞ የተከለው ሟቹ የአክስቴ ባል ነው።

መጋቢት 7

እያነበብኩ ፍሬውን ቆረጠምኩ። ቅቤ ቅቤ ይላል። አሥር? አሥራ አምስት? የልጅነቴ ሜዳ ውስጥ ስንሳፈፍ ዋልኩ።

መጋቢት 9

ትውከት፣ ብርድ ብርድ። አስተማሪዬ ዶክተር አንሴልሞ አጠገቤ መጥተው ቆም አሉ።

"ኔሬይዳ፣ ነጭ ሽንኩርት በልተሻል?"

"ኧረ አልበላሁም፣ ዶክተር።"

አልሳቁም። "እንግዲያው ሴሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት በትንፋሽ ሲያስወጣው እንዲህ ይሸታል። ምን ቀመስሽ?"

ነገርኳቸው። አፈርኩ... የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ እኮ!

መጋቢት 14

የተረፈውን ፍሬ ፈጭቼ ጭማቂውን በወረቀት ላይ ለያየሁት። ማሳያ ኬሚካል ረጭቼ ሳሞቀው ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቅ አለ። እንዴት ያምራል!

"መርዙ እሱ ነው" አሉ ዶክተር። "ሰልፈር በሚቀመጥበት ቦታ ሴሊኒየም ተቀምጦበታል። ሰውነት አይለያቸውም።"

ሥሩ ከአፈር ይጠጣዋል። አፈሩ ባለቤት ያውቃል እንዴ?

ቀትር ላይ ሸለብ አድርጎኝ በሕልሜ ሁለት ወንድማማቾች በሬን ሲያንኳኩ አየሁ። አንድ ዓይነት ባርኔጣ አድርገዋል። መለየት አቅቶኝ የማላውቀውን አስገባሁ።

መርዙ ዛፉ ውስጥ እንደሆነ፣ ስለ ነጠብጣቡም ለአክስቴ ጻፍኩላት።

መጋቢት 20

ፀጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ። አለቀስኩ።

የአክስቴ ቴሌግራም መጣ፦ "ነጠብጣብሽን ለዶክተርሽ አሳዪ። የባሌ ዛፍ አይመርዘኝም።"

መሄድ አለብኝ። ፋሲካ ደረሰ፤ ዶሚንጋን ሊያባርሯት ነው።

መጋቢት 25፣ ባሪናስ

አክስቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። "ይኼ ሻሽ ደግሞ ምንድነው? መነኮስሽ?"

ፈታሁት። መላጣዬን አየች።

"ከላክሽልኝ ፍሬ ነው፣ አክስቴ።"

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ራሴን ዳበሰችው፣ ከዚያ የራሷን።

"ዶሚንጋ እኮ..." አለች ቀስ ብላ፣ "የመጣችው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። አይታሽ እንኳ አታውቅም።"

ዛፉን እያየች አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ራሷን ሳትሸፍን ተነስታ አጥሩን ዞረች። ተከተልኳት።

ዶሚንጋ እቃዋን ጠቅልላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። እንዴት ትንሽ ሴት ናት!

"በድዬሻለሁ" አለች አክስቴ። "ለመንደሩም እኔው እነግራለሁ። አሳማው ግን የኔ ነው።"

ዶሚንጋ አንዴ የሷን፣ አንዴ የኔን መላጣ አየች። ልትጮህብን ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጥቅሏን ከበሩ ገፋ አደረገችው።

"ግቡ" አለች፣ "ፀሐይ አናታችሁን ይመታችኋል።"