የአፈሙዝ ኮከብ ቆጠራ

ውድ አክስቴ ኦርቴንስያ፣

ይህን የሚያነቡልሽ እማሆይ ኤውፌምያ እንደሆኑ ስለማውቅ አስቀድሜ ለእሳቸው አንድ ቃል አለኝ። እማሆይ፣ ስድብ ያለበት መስመር ላይ ሲደርሱ እባክዎ አይዝለሉት። ስድቡ የአክስቴ ነው፤ እኔ አደራ ጠባቂ ብቻ ነኝ። ከዘለሉት ሌላ ሰው የጻፈላት ይመስላታል። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎትም ይታገሱኝ፤ እኔና ትምህርት ቤት በመሃል መንገድ ነው የተለያየነው፣ ያውም ያለ ስንብት።

አክስቴ፣ ባለፈው እዚያ መጦሪያ ቤት ስመጣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽብኝ። «ቋሊማ አምጥቻለሁ» ብልሽ «ለግድግዳው ስጠው» አልሽኝ። ሰጠሁት። «ግድግዳው ጾመኛ ነው መሰለኝ፣ አልበላም» አልኩሽ። ድሮ ቢሆን ነጠላ ጫማሽ ጆሮዬ ሥር ያርፍ ነበር። ያን ቀን ትከሻሽ እንኳ አልተነቃነቀም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ፤ ደብዳቤ እንደ ሰው አይደለም፣ ጀርባ ቢያዞሩበትም ይነበባል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከዚያ ግድግዳ እንድትዞሪ። እንደማትዞሪ ደግሞ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጻፍ።

ኮከብ መቁጠር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የእኛ ሸለቆ ልጅ እናት አባቱ ጠመንጃ ሲሞርዱና ሲወለውሉ እያየ ያድጋል፤ እኔ ከሁለቱም ስላልታደልኩ አንቺ እጅ ወደቅሁ። (አንቺ «መቅሰፍት ወደቀብኝ» ነው የምትይው።) ገና ቁመቴ ከጠመንጃሽ ሳይበልጥ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዙትን ማጥበቢያዎች አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ደረደርሻቸው፤ አውራ ጣት የሚያህሉ የብረት ቀለበቶች፣ ከንፈራቸው ላይ ኮከብ የተፈለፈለባቸው። አንዱ አንድ ኮከብ፣ አንዱ ሁለት፣ እያለ እስከ አምስት።

«ባለአምስቱ ለእኔ!» አልኩ።

«ለምን?»

«ሆቴል ሲሆን አምስት ኮከብ አይደል የሚሻለው?»

በመፍቻው ጭንቅላቴን ኳ አደረግሽኝ። «አንተ ጅል! ይሄ ሆቴል አይደለም። እዚህ ኮከብ ሲበዛ አፉ ይሰፋል፣ የጥይቱ የእርሳስ ፍሬ እንደ ሐሜት ይበተናል። ኮከብ ሲያንስ አፉ ይጠብባል፣ ፍሬው ተቃቅፎ ሩቅ ይደርሳል። አምስት ኮከብ ለሰነፍ ነው። አንድ ኮከብ ለእኔ።»

ሁለት አፈሙዝ የተነባበረበት ጠመንጃሽ ላይ፣ ከታችኛው ባለሁለት ኮከብ፣ ከላይኛው ባለአንድ። ጥይትሽም ያው ቀዩ፣ ሰባት ተኩል ቁጥር። ቢዘንብም ቢነፍስም አትለውጪም ነበር። ያ የሸክላ ዒላማ ተኩስ ተቀናቃኝሽ ሽማግሌው ፋውስቲኖ ግን ማጥበቢያዎቹን እንደ ቅዱሳን አፅም በከፋይ ጨርቅ በተለበጠ ሳጥን ይዞ ይመጣል። ደመና ሲያይ ይፈታል፣ ፀሐይ ሲያይ ያጠብቃል።

«ፋውስቲኖ፣ ልትተኩስ ነው ወይስ ቧንቧ ልትጠግን?»

«ኦርቴንስያ፣ ዛሬ እኮ አየሩ ከብዷል፤ ሸክላው ሲርቅ ፍሬው...»

«የከበደው አየሩ አይደለም፣ ሆድህ ነው! ማታ ያን ሁሉ የበቆሎ ገንፎ ውጠህ አየሩን ትከሳለህ?»

ሜዳው በሙሉ ይስቅ ነበር። ፋውስቲኖም ይስቅ ነበር፣ ጢሙ ሥር።

ትንሽ ሳህን መሳዩ ሸክላ ወደ ሰማይ የሚወረወረው ተኳሹ ሲጣራ ማሽኑ ድምፁን በማይክሮፎን ሰምቶ አይደል? አንቺ «ሃ!» ነበር የምትይው፣ በርን በእግር እንደመዝጋት። ያንን «ሃ» አንድ በጋ ሙሉ አጠናሁት። ፋውስቲኖ ጎንበስ ብሎ መፍቻውን ሲፈልግ ከኋላው «ሃ!» እላለሁ፤ ሸክላው እልም! እሱ «ኦርቴንስያ!» ብሎ ሲያጓራ አንቺ እዚያ ወንበርሽ ላይ እግርሽን አነባብረሽ ወይንሽን ትጠጫለሽ። የኔ ሥራ መሆኑን ስታውቂ ትቆጪኛለሽ ብዬ ልሮጥ ተዘጋጀሁ። «ይሄ ጦጣ ከእኔ በላይ እኔን ሆነ» ብለሽ ወይን ቀዳሽልኝ። ለእኔ የተሰጠኝ ዲፕሎማ እሱ ብቻ ነው።

መሳት ስትጀምሪ መጀመሪያ የከሰስሽው ጥይቱን ነበር። ቀዩን ትተን ሰማያዊውን ያዝን። ሰማያዊው ዘገየ ተባለና ፈጣኑን። ፈጣኑ ትከሻሽን ሲያበልዘው ለስላሳውን። ቀጥሎ ደግሞ ፍሬው ይብዛ ተባለና ደቃቁን ስምንት ቁጥር። የመኪናችን ኋላ የጥይት ሱቅ መሰለ። ሸክላው ግን እንደ ጳጳስ መኪና ማንም ሳይነካው ያልፋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይሰማ፣ «ኔቪዮ፣ ከታች ባለሦስቱን፣ ከላይ ባለሁለቱን አድርግልኝ» አልሽ።

«ማዕረግ ጨመርሽ ማለት ነው?»

«ምላስህን ሰብስብና እሰር።»

በሚቀጥለው ጸደይ አራትና ሦስት ሆነ። ተረከዜን አጋጭቼ «እንደምን አደሩ ጄኔራል ኦርቴንስያ!» ብዬ የወታደር ሰላምታ ሰጠሁሽ። እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ስቀሽ ስትጨርሺ ማጥበቢያውን ከእጄ ወስደሽ ኮከቦቹን ቆጠርሽ። በዓይንሽ ሳይሆን በአውራ ጣትሽ። እኔ ያኔ አየሁ። አንቺም እንዳየሁ ያወቅሽ ይመስለኛል።

ያንን ወረቀት አትረሺውም። አዲሱን ጥይት ልንፈትን ትልቅ ነጭ ወረቀት በሁለት እንጨት መሃል ወጠርን፤ ፍሬው የት እንዳረፈ፣ የት እንደሳሳ ለማየት። ተኮስሽ። ሄድን። አፍንጫሽ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ቆምሽና ጮኽሽ፦

«አየህ? አየህ እነዚህን ሌቦች! መሃሉ ባዶ ነው! ዳር ዳሩን ዘርቶ መሃሉን ባዶ የሚተው ጥይት ይሸጡልኛል!»

አየሁ። መሃሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

«አክስቴ፣ መሃሉ ሙሉ ነው።»

«ቀልድህን ተው!»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«አንተ የማትቀልደው ስትተኛ ብቻ ነው! ፋውስቲኖ! ና እስቲ፣ ይሄ ጦጣ ያፌዝብኛል!»

ከተወለድኩ ጀምሮ ቀልድ ያልጨመርኩበት ዓረፍተ ነገር ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱንም አላመንሽኝ። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን እኔን አላምንም።

ፋውስቲኖ ሳጥኑን በብብቱ እንደያዘ መጣ። ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። እኔ መሬት መሬቱን። ሳጥኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠና ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቆቡን አወለቀ።

«ሙሉ ነው፣ ኦርቴንስያ» አለሽ።

ሳይከራከርና ሳያጓራ ስምሽን ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። መዳፍሽን ወረቀቱ መሃል ላይ አደረግሽ። ጣቶችሽ ቀዳዳዎቹን እያገኙ፣ እያለፉ፣ እያገኙ ብዙ ቆየሽ። ከዚያ «ጠቅልለው» አልሽኝ።

ሐኪሙ የነገረሽ ወረቀቱ የነገረሽን ነው። ዳር ዳሩ ይቀርልሻል፣ የዓይንሽ መሃል ግን ሄዷል፣ አይመለስም። የጠመንጃ ፈቃድሽም ሳይታደስ ቀረ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅሽኝ፦

«ኔቪዮ፣ ከአምስት ኮከብ በላይ አለ?»

«የለም አክስቴ። ባለአምስቱ ራሱ ባዶ ቧንቧ ነው፤ ምንም አያጠብም።»

«እንግዲያው ሰማዩን ጨረስኩት ማለት ነው።»

መጥረጊያው መስታወቱን እየጠረገ ሄደ፣ ዝናብ ሳይኖር። ማጥፋቱን ረስቼው ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው የቅዱስ ሮኮ በዓል ውድድር ልምጣ። በጠመንጃሽ ተኮስኩ። ከታች ባለሁለት፣ ከላይ ባለአንድ፣ ቀዩ ጥይት። ወንበርሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ማንም ደግሞ ከቦታው አላነሳውም። ፋውስቲኖ ሳጥኑን ከፍቶ መጣ።

«ልጄ፣ ባለአራት ልስጥህ። አንተ በአንድ ኮከብ? የአክስትህ ዓይን የለህ፣ ሸክላውን ትተህ ደመና ነው የምትመታው።»

«ጋሽ ፋውስቲኖ፣ ሊተኩሱ ነው ወይስ ቧንቧ ሊጠግኑ?» አልኩት።

ያ ሜዳ ያለ አንቺ መሳቅ አያውቅበትም። ፋውስቲኖ ሳጥኑን ዘጋው።

እንዳለውም ደመናውን ፈጀሁት። ለመጨረሻው ሰው የሚሰጠው ጎመን ለእኔ እንደሆነ ገና በመሃሉ ታውቋል፤ ቄሱ ጎመኑን ታቅፎ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። የመጨረሻው ሸክላ ሲቀረኝ በራሴ ድምፅ አልተጣራሁም። «ሃ!» አልኩ። ያንቺን።

ማሽኑ ወረወረ። ማሽን ምን ያውቃል! ፋውስቲኖ ግን ከጎኔ ቆሞ ዞረ። ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበርሽ። ያ ሰው በዚያ ዕድሜው እንደ ሕፃን ቸኩሎ ዞረ፤ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ፊቱን ስላየሁ ጠመንጃውን አወረድኩት። ሸክላው ብቻውን ሄደ፣ ሄደና ሣሩ ላይ በደረቱ አረፈ። አልተሰበረም።

ተኩሱ ሲያበቃ ሄጄ አነሳሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ጥቅል እሱ ነው። እማሆይ፣ እባክዎ ፈተው እጇ ላይ ያድርጉላት። አክስቴ፣ ጠርዙን በአውራ ጣትሽ ዳብሺው፤ ከዚያ ጉብታውን። መሃሉ ሙሉ ነው። ይሄኛውን እንኳ እመኚኝ።

ግድግዳው እንደሆነ ፊት ለፊትሽ ነው። ርቀቱ አንድ ክንድ ነው፤ ማጥበቢያም ጥይትም ፈቃድም አያሻውም። ከፈለግሽ ወርውሪው። እማሆይ ስብርባሪውን ይጠርጉታል፣ ለኃጢአቴም አንድ ጸሎት ይጨምሩልኛል። እንደማትወረውሪው አውቃለሁ። ራስጌሽ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል፤ አንድ ቀን አንዷ የጽዳት ሠራተኛ የሲጋራ መተርኮሻ መስሏት ትወስደዋለች።

ጠመንጃሽን ወልውዬዋለሁ። ማጥበቢያዎቹን ግን ቅባት ሳልቀባ አስሬያቸዋለሁ። ይዛጉ። እዚያው ተጣብቀው ይቅሩ፤ ከእንግዲህ ባንቺ ጠመንጃ ላይ ማንም ኮከብ አይጨምርም።

እሑድ ጎመኑን ይዤ እመጣለሁ። ለአንቺ አይደለም፣ አትቆጪ። ለግድግዳው ነው።

ያንቺው ባለአምስት ኮከብ፣
ኔቪዮ